መጀመሪያ ዐይቡን

እንደ ሙዓዊያ ያለ ደግ ጎረቤት የለኝም፤ እንደ ሙዓዊያ ያለ የማይረባ ነጋዴም አይቼ አላውቅም። ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር የኔ የሶፋ ልብስ መስፊያና የሱ ያገለገለ የቤት እቃ መሸጫ አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። እሱ አሮጌ ሶፋ ገዝቶ ይጠግናል፣ እኔ አዲስ ልብስ አለብሰዋለሁ፣ እሱ መልሶ ይሸጠዋል። እንጀራችን የተያያዘ ነው ማለት ነው። ታዲያ ስንት ጊዜ፣ እኔ አሳምሬ ያለበስኩትን ሶፋ ሊገዛ እጁን ኪሱ የከተተ ሰው በሙዓዊያ አፍ እንደተመለሰብኝ የማውቀው እኔና ፈጣሪዬ ነን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደንበኛ ገብቶ «ይሄ ስንት ነው?» ሲል ሙዓዊያ ዋጋ አይጠራም። «መጀመሪያ ዐይቡን ልንገርህ» ይላል። ዐይብ በኛ አገር ሙስሊሞች አነጋገር እንከን፣ ጉድለት ማለት ነው። እኛ የወሎ ክርስቲያኖችም አብረን ስላደግን ቃሉ ግር አይለንም። ሙዓዊያ ቁም ሳጥን ከሆነ ከፍቶ የላላውን ማጠፊያ ያሳያል። ጠረጴዛ ከሆነ ገልብጦ ስንጥቁን በደንበኛው ጣት ያስነካል። ሶፋ ሲሆን ደግሞ፣ እዚህ ላይ ነው ደሜ የሚፈላው፣ ቀኑን ሙሉ አጎንብሼ የወጠርኩትን ልብስ ከሥር ገልጦ «እዩት፣ ይሄ ጣውላ ቅጥል ነው» ይላል።

«አንተ ሰው፣ የምትነግደው እቃውን ነው ነውሩን?» ብዬ ጮኼበት አውቃለሁ።

«ሰርካዲስ፣ ዐይብ ደብቆ የሸጠ በረካውን አብሮ ሸጠ» ይለኛል ረጋ ብሎ። «ሰውዬው ቤቱ ገብቶ ከሚደነግጥ እዚህ ከኔ ቢሰማው አይሻልም?»

ይሻላል፣ መቼ አይሻልም አልኩ። ግን ሰውዬው ሰምቶ፣ አመስግኖ ይሄዳል፤ ሶፋው እኛው ዘንድ ይቀራል።

ከጊዜ በኋላ ደግሞ ሰምቶ የሚሄደውም ጠፋ። ሰው እቃ በስልክ ማየት ጀመረ። ኮምቦልቻ ያሉት ነጋዴዎች አልጋውን፣ ቡፌውን፣ ፍሪጁን በቪዲዮ እያዞሩ ያሳያሉ፤ ከሥሩ ዘፈን አለ። ገዢው ከተኛበት ይደውላል፣ እቃው ባጃጅ ላይ ይጫናል፣ አለቀ። የኛ ደጃፍ ላይ መጥቶ የሚቆመው የጦሳ ተራራ ጉም ብቻ ሆነ።

ይሄ ሁሉ ሲሆን ለይላ ፓስፖርቷን አወጣች። ለይላ የሙዓዊያ አንድያ ልጁ ናት። እናቷ ከሪማ ካረፈች ወዲህ ያ ቤት አባትና ልጅ ብቻ ነው። ኮሌጅ ጨርሳ ሥራ ፈለገች፣ አላገኘችም፤ እኩዮቿ አንድ በአንድ ዓረብ አገር ሄደዋል፤ እሷም ልትከተላቸው አሰበች። አባቷ ሂጂም አላለ፣ አትሂጂም አላለ። አንድ ቀን ግን ወደኔ ሱቅ መጣና ከጨርቁ ክምር ላይ ተቀመጠ።

«ለይላ ከሄደች እኔ ምን ቀረኝ?» አለ።

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? ለሷ ንገራት እንጂ!»

«ምን ብዬ? ሱቁን እያየሽው ነው። ቅሪ ብዬ ምን ላደርግላት ነው? አስሬ ላስቀምጣት?»

እኔ እንግዲህ ሆዴ ሲባባ አፌ ይፈጥናል። ያኔውኑ ለይላን ጠርቼ «አንቺ ስልክሽ እንደሁ ከእጅሽ አይወርድ፤ ለምን የአባትሽን እቃ በቪዲዮ አታሳዪም?» አልኳት። «እስከ ዒድ እሞክራለሁ፤ ሱቁ ነፍስ ከዘራ እቀራለሁ፣ ካልሆነ ግን እትዬ ሰርካዲስ፣ እሄዳለሁ» አለችኝ። ሙዓዊያ ሰምቷል። በማግስቱ ደህናውን ኮቱን ለብሶ፣ ነጭ ኮፍያውን አድርጎ ሱቁ ደረሰ።

ዘንድሮ ረመዳንና ዐቢይ ጾም ተገጣጥመዋል። እስላሙም ክርስቲያኑም ጿሚ ነው፤ ከተማው በሙሉ ቀን ቀን በባዶ ሆዱ ነው የሚንቀሳቀሰው። ሙዓዊያ በዚያ በደረቀ አፉ ከአንድ ቁም ሳጥን አጠገብ፣ ለመታወቂያ ፎቶ እንደሚነሣ ሰው ቀጥ ብሎ ቆመና ጀመረ።

«አሰላሙ ዓለይኩም። ጤና ይስጥልኝ። ይሄ ቁም ሳጥን ነው። መጀመሪያ ዐይቡን ልንገራችሁ። ዐይቡ ያለው ከጀርባው ነው።»

ለይላ ቪዲዮውን ቲክቶክ ላይ ለቀቀችው። ያን ቀን የሆነውን አታንሡብኝ። ወሎ ያልኖረ ሰው ዐይብ ሲባል ምን ይመጣበታል? የሚበላው አይብ ነዋ! ኮሜንቱ ጎረፈ። «አይቡን በኪሎ ነው የምትሸጡት?» ይላል አንዱ። «ከጀርባው ያለው አይብ አይበላሽም?» ይላል ሌላው። «ጎመኑስ የትኛው መሳቢያ ውስጥ ነው?» «ክትፎዬን ይዤ ልምጣ?» በጾም ቀን የተራበ ሰው ሲቀልድ እንዴት እንደሚከፋ ያየሁት ያኔ ነው። ከአፍ የወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ቪዲዮው ከአገር አገር ዞረ። ሙዓዊያ «የአይቡ ሰውዬ» ተባለ። ቁም ሳጥኑን የጠየቀ ግን አንድ ሰው የለም።

ሙዓዊያ ስልኩ ለመደወልና ለመቀበል ብቻ ናት፤ ኮሜንት የሚባለውን አያውቅም። «ምን አሉ?» ብሎ ጠየቃት።

«ወደውታል አባ» አለችው። ከዚያ ወደኔ ሱቅ ገብታ፣ ከስፌት መኪናዬ ጀርባ ቁጭ ብላ ተንሰቀሰቀች። አባቷ ላይ አገር ስቆበታል፤ ምን ይባላል? ራሷን ዳብሼ «አብሽሪ» ከማለት በቀር የማውቀው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተለወጠ። ሙዓዊያ እንደ ወትሮው ይቆማል፣ ዐይቡን ይናገራል፣ ዋጋውን ይናገራል። ለይላ ሁሉንም ትቀርጻለች። ቪዲዮው ይለቀቃል። ስልክም ይጮህ ጀመር። መጀመሪያ ጠረጴዛው ሄደ፣ ከዚያ አልጋው፣ ከዚያ ያ መሳቂያ ያደረገን ቁም ሳጥን ራሱ ኩታበር ድረስ ተጫነ። ሙዓዊያ ወጣት ሆነ። ግድግዳውን እየደበደበ ይጠራኛል።

«ሰርካዲስ! ዐይቡን እየሰሙ ነው የሚገዙት! ሰው ሐቅ ይወዳል ብዬሽ አልነበረም? ወላሂ፣ ሰውን አምቼው ነበር!»

እኔም ደስ አለኝ። ቪዲዮዎቹን አያቸዋለሁ፤ ግን እውነቱን ለመናገር የማየው የሰፋሁትን ልብስ ነው። ስፌቴ ቀጥ ብሎ ከታየ ሌላው ትዝም አይለኝ። ሙዓዊያ ምን እንዳለ፣ ምን እንዳላለ ማን ያዳምጣል? ሁልጊዜ የሚለውን ነው የሚለው ብዬ።

ቡናማው ሶፋ የተሸጠው ዒድ ሲቃረብ ነው። ባለ ሦስት ሰው ሶፋ ነው፤ ልብሱን ሳለብሰው ራሴን አድንቄያለሁ። ዐይብ ግን ነበረው። የግራ ጥጉ እግር ከውስጥ ተሰብሮ በባሕር ዛፍ ጣውላ ተቀጥሏል፤ ቀለል ያለ ሰው ይችላል፣ ከባድ ሰው አይችልም። ሙዓዊያ ይህን ካሜራው ፊት ቆሞ፣ እግሩን በእጁ እየነካ ሲናገር በግድግዳው በኩል ሰምቼዋለሁ። የገዙት መሪጌታ ወልደ ሚካኤል የሚባሉ፣ በቅርቡ ከጎጃም ተዛውረው ኮምቦልቻ የገቡ የቤተ ክርስቲያን መምህር ናቸው። ስልክ የደወለችው ባለቤታቸው ወይዘሮ ሥርጉት ናት።

ሶፋውን በአይሱዙ ጭነን ሦስታችንም አብረን ወረድን። ሙዓዊያ እቃውን ለማስረከብ፣ እኔ መንገድ ላይ ልብሱ ቢቀደድ ለመስፋት፣ ለይላ ደግሞ ገዢው ደስ ሲለው ለመቅረጽ። የሐረጎን ቁልቁለት ጨርሰን ኮምቦልቻ ስንደርስ ሹራቤን አወለቅሁ፤ ደሴ ላይ ስንንቀጠቀጥ አድረን እዚህ ላብ።

የመሪጌታ ቤት እንግዶች ነበሩበት፤ የሰበካ ጉባኤው ሰዎች ሊጠይቋቸው መጥተው ጾሙን ለመፍታት ሰዓት ይጠብቃሉ። ሊቀመንበሩ አቶ አግማስ በር ላይ ሲቆሙ ቤቱን የሚያጨልሙ፣ ግርማ ያላቸው ሰው ናቸው። ጫኝና አውራጆቹ ሶፋውን ግድግዳው ሥር አስቀመጡት። ሁሉም አደነቀው። እኔ ስፌቱን ለሚያይልኝ ሁሉ እያሳየሁ ነበር፤ ለይላ ስልኳን ወደ ላይ ይዛ ትቀርጻለች፤ ሙዓዊያ ደጅ ገመዱን ይጠቀልላል።

«በሉ ጋሽ አግማስ፣ እርስዎ ይባርኩልን» አሉ መሪጌታ።

አቶ አግማስ ኩታቸውን ሰብስበው ወደ ግራው ጥግ ዝቅ ማለት ሲጀምሩ ሙዓዊያ በሩ ላይ ደረሰ። አየ። ጮኸ።

«ኧረ ዐይቡ! ዐይቡ ላይ እንዳይቀመጡ! ይነሱ! ይነሱ!»

አቶ አግማስ ያን ሁሉ ግርማ ይዘው ዘለሉ። በሁለት እጃቸው ኋላቸውን ዳበሱ፤ ኩታቸውን ገልብጠው አዩት። የመሪጌታ ፊት ጠቆረ።

«ምን አለ? አይብ?» አሉ ቀስ ብለው። «በዐቢይ ጾም? በኔ ቤት?»

የእንግዳው ዓይን ሁሉ ወይዘሮ ሥርጉት ላይ ዞረ። ምስኪኗ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «በድንግል ማርያም! ሁዳዴ ከገባ አይብ በዓይኔ አላየሁም!» አለች።

ሙዓዊያ ሊያስረዳ ፈልጎ ባሰበት። «የለም መሪጌታ፣ ላይ ላዩን ስለሚያዩት ነው! ዐይቡ ከሥር ነው ያለው፤ እሷ በልብሱ ስለሸፈነችው ነው!» ብሎ በጣቱ ወደኔ ጠቆመ።

አንደኛው እንግዳ በአፍንጫው ሳበ። «እውነቱን ነው፣» አለ። «ሸተተኝ።»

ከዚህ በኋላ መቆም አልቻልኩም። ግድግዳ ይዤ ሳቅሁ፤ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። ለመናገር ስሞክር ሳቄ ይቀድመኛል። በመጨረሻ «እንከን ማለቱ ነው! የሶፋውን ጉድለት ነው!» አልኩ። ኮምቦልቻ የተወለዱት እንግዶች ወዲያው ገባቸውና ቤቱ በሳቅ ተናጋ፤ ሸተተኝ ያለውም ሰውዬ ራሱን ይዞ ሳቀ። አቶ አግማስ ላባቸውን ጠርገው በቀኝ ጥግ በኩል፣ እየተጠራጠሩ፣ ተቀመጡ።

ሙዓዊያ ግን አልሳቀም።

«መሪጌታ፣ ይሄንን ነግሬያችሁ የለም እንዴ? ቪዲዮው ላይ ተናግሬያለሁ» አለ።

«እኛ የሰማነው የለም» አለች ወይዘሮ ሥርጉት፤ ስልኳን አምጥታ ከፈተችለት።

ራሱን በስልክ ሲያይ ያ የመጀመሪያው ነበር። ስልኩ ውስጥ ትንሹ ሙዓዊያ ከሶፋው አጠገብ ቆሞ ሰላምታ ሰጠ። «ይሄ ሶፋ ነው» አለ። ከዚያ ኮፍያው ብድግ ብሎ እንደገና የተቀመጠ ይመስል ዘለለና፣ ስለተቀጠለው እግር አንድ ቃል ሳይወራ፣ ወዲያው ዋጋው ተጠራ። ሙዓዊያ «ድገሚልኝ» አላት። ደገመችለት። ለሦስተኛ ጊዜ አላስደገመም። ዞሮ ለይላን አየ፤ ለይላ ስልኳን ዝቅ አድርጋ መሬት መሬት ታያለች።

ይህ ሰው ለስልኩ ከተናገረ ለሰው የተናገረ መስሎት ነበር። የተቀረጸ ንግግር መሐል ላይ ሊቆረጥ እንደሚችል በሐሳቡም አልመጣ። በየመንደሩ ያደረሰው እቃ ሁሉ ባንድ ጊዜ ፊቱ ላይ ሲመጣበት አየሁት። አሳዘነኝ፤ እንዲያ ስስቅ በመቆየቴ ተናደድሁ።

«መሪጌታ፣ ይቅር በሉኝ፤ መኪናው ሳይሄድ ልመልሰው» አለ።

መሪጌታ ወልደ ሚካኤል ጎንበስ ብለው ሶፋውን ከሥር አዩት፤ የተቀጠለውን ጣውላ ነካ ነካ አደረጉ። «ይቅር፤ አናጢ ያጠብቀዋል» አሉ። «ብቻ ወንድሜ፣ ቀድሞ ቢነገረኝ ደስ ይለኝ ነበር።» በቁጣ አልነበረም የተናገሩት። ለሙዓዊያ ግን ከዱላ በላይ ነው የተሰማው።

አይሱዙው ሌላ ጭነት ስላገኘ በሚኒባስ ተመለስን። የመጨረሻው ወንበር ላይ ሦስታችን ተደረደርን፣ ለይላ መሐል። የሐረጎን ዳገት ስንጀምር አላስቻለኝም።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ» አልኩ። «የአባትሽን ስም...»

«ሰርካዲስ፣ ተይ» አለ ሙዓዊያ።

ለይላ ማልቀስ ጀመረች። «ሳቁብዎት አባ። የአይቡ ሰውዬ ብለው አገር ለአገር አዞሩዎት። እኔ አልነገርኩዎትም እንጂ ከወደደው የሳቀው ነው የሚበዛ። ዐይቡን ባልቆርጠው ማን ይገዛን ነበር? ሱቁ እንዲነሣ ብዬ ነው። እንድቀር ብዬ ነው።»

ሙዓዊያ ዘወር አለ። «መቅረት ትፈልጊ ነበር?»

«አንድ ቀን ቅሪ ብለውኝ ያውቃሉ?»

ሚኒባሱ ጠመዝማዛውን እያቃሰተ ይወጣል፤ በመስኮቱ ቀዝቃዛው የደሴ ነፋስ መግባት ጀምሯል። ሙዓዊያ «ነገ ለገዙት ሁሉ እንደውላለን» አለ። «የእያንዳንዱን ዐይብ እነግራቸዋለሁ። መመለስ የፈለገ ይመልስ። ከእንግዲህም የሚቆረጥ የለም።»

«እንግዲያው ሱቁ አይነሣም አባ።»

«አይነሣ ይሆናል፤ አላህ ያውቃል።»

ለይላ እንባዋን በሻርቧ ጠረገች። አባቷን ቀጥ አድርጋ አየችው። «እሺ» አለች። «ሱቁ ካልተነሣ ልቅር ወይስ ልሂድ? ለእቃው ሁሉ ሲናገሩ ኖረዋል። አሁን የመቅረትን ዐይብ ይንገሩኝ።»

ሙዓዊያ ለደንበኛ እንደሚያደርገው ሙሉ በሙሉ ወደሷ ዞረ። ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ዐይቡ» አለ፣ «ሱቁ አርጅቷል። እኔም አርጅቻለሁ፤ ጉልበቴን እያየሽው ነው፣ ነገ ተነገ ወዲያ ላንቺ ሸክም ነኝ። ጓደኞችሽ ለዒድ ወርቅ አድርገው ሲመጡ አንቺን የሰው አሮጌ ወንበር አቧራ ስታራግፊ ነው የሚያገኙሽ። ይቆጭሻል። እናትሽ ብትኖር የምትመክርሽን ምክር እኔ አላውቅበትም። ደብቄሽ የኖርኩት ደግሞ አለ። አንቺ ከሄድሽ ቤት ገብቼ የማናግረው ሰው የለኝም። እንዳላስርሽ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ። በቃ፣ ይሄ ነው ዐይቡ፤ ያስቀረሁት የለም።»

«ዋጋውስ?» አለች ለይላ።

ሙዓዊያ አፉን ከፈተ። ዋጋ ሲጠየቅ ዐይቡን ከተናገረ በኋላ ወዲያው ነው የሚጠራው፤ አይጨምርም፣ አይቀንስም፣ አያንገራግርም። ያን ቀን ግን ከንፈሩ ተንቀሳቀሰና ምንም አልወጣውም። ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን ሸፈነበት፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ይህን ሰው ከሪማ በተቀበረች ቀን እንኳ ሲያለቅስ አላየሁትም።

ለይላ ራሷን ትከሻው ላይ አደረገችና «አልሄድም» አለችው።

ረዳቱ እጁን ዘርግቶ «ወደ ኋላ፣ ሒሳብ!» አለ። ሁለቱም አልሰሙትም፤ የሦስታችንንም እኔ ከፈልኩ።